ትንፋሽ ያጣው ማድረቂያ

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። አንዲት የውሸት ጠብታ ከተገኘችበት የእስክንድርያ ባሕር ይዋጠኝ፤ ባሕሩ ቢጸየፈኝ የባኮስ ትራም ይዳጠኝ። ትራሙ ቀርፋፋ ነው ብላችሁ እንዳትስቁ፤ ቀርፋፋ ነገር ሲድጥ ነው የሚያመው። እማኝ ካስፈለገ የሁለተኛ ፎቋን ወይዘሮ ረቲባን ጠይቁ። እሷ ከዚያ ቀን ወዲህ በአየር ጉድጓዱ በኩል ያለ መስኮቷን አልከፈተችም።

ያን ዕለት ጠዋት ሹክሪ ልብስ ማድረቂያው ፊት ተንበርክኮ፣ ክንዱን እስከ ትከሻው ከቶ፣ አንድ የውስጥ ሱሪ በሁለት ጣቱ ቆንጥጦ አወጣ። ውሃ አይንጠባጠብም፤ ደርቋልም አይባልም። ለብ ያለ፣ የረጠበ፣ ውሻ ሲልሰው ያደረ የሚመስል ነገር ነው። አሸተተው። ማሽተት አልነበረበትም።

“እህህህ!” ብሎ ወደ ባልዲው ወረወረው።

አራተኛ ሙከራው ነው። ማሽኑ ይነሳል፣ ያጉረመርማል፣ ሃያ ደቂቃ ያህል ያሽከረክራል፣ ከዚያ የመውጫ ሰዓቱ እንደደረሰ የመንግሥት ሠራተኛ ዕቃውን ጥሎ ጸጥ ይላል። ውጭ የጥር ማዕበል ከተማዋን መግረፍ ከጀመረ ሳምንት ሆኖታል። በረንዳ ላይ የተሰጣ ልብስ ጨው ጠጥቶ፣ ከተሰጣበት ሰዓት ይልቅ ከብዶ ነው የሚመለሰው።

ይህ ነገር ሌላ ሰው ላይ ቢደርስ ትንሽ ጉዳይ ነበር። ሹክሪ ግን የማዘጋጃ ቤቱ የምግብ ቤቶች ንጽሕና ተቆጣጣሪ ነው። የራሱን ማንኪያ ሦስት ጊዜ ሳያጥብ አይጎርስም። አንድ ጊዜ አንድን ጉበት ቤት በአንዲት ፀጉር ምክንያት ሲያሽግ ባለቤቱ፣ “ጌታዬ፣ ፀጉሯ እኮ የእርስዎ ናት፤ አሁን ሲያጎነብሱ ነው የወደቀችው” ቢለው፣ “የማንም ትሁን፣ ሳህን ላይ ናት” ብሎ ፈረመ። በሃያ ዓመት ሥራው አንድ ሐሰተኛ ሪፖርት አልጻፈም። እናቱ ስትሞት እንኳ ማልቀሱን በሪፖርት የሚያረጋግጥ ሰው ነው ይሉታል፤ እናቱ ግን በሕይወት አለች፤ ነገሩም ከእሷ ነው የሚመጣው።

ሚስቱ ኢንሺራህ ካፖርቷን ለብሳ በሩ ላይ ቆማለች።

“አልደረቀም?”

“ትንሽ ቀርቶታል።”

“ትናንትም ትንሽ ቀርቶት ነበር። እርጥብ ሹራብ ለብሼ ክፍል ስገባ እንፋሎት ይወጣኛል፣ ሹክሪ! ተማሪዎቹ ‘ድስቷ መጣች’ ነው የሚሉኝ።” ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ በአገጯ ወደ ወጥ ቤቱ አመለከተች። “ይህ ማሽን ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አላስቸገረንም። እናትህ መቼ መጡ?”

“መስከረም።”

“ማሽኑስ መድከም የጀመረው?”

“እማዬ ማሽን አትነካም!”

“እንግዲህ ዛሬ ሠሪው ይመጣል። ጥፋቱ የማሽኑ ከሆነ ይጠገን። የእናትህ ከሆነ ግን ነገ ጠዋት ወደ ደመንሁር፣ ወደ ፋውዚ ቤት ይሄዳሉ። በቃኝ። አንተ ሪፖርት ላይ አትዋሽም፤ ስመለስ ትነግረኛለህ።”

በሩን ዘግታ ወጣች።

ፋውዚ ታናሽ ወንድሙ ነው፤ ክፋት የለበትም። ሚስቱ ግን ማቀዝቀዣውን በቁልፍ ዘግታ ቁልፉን አንገቷ ላይ የምታስር ሴት ናት። እናቱ ሐጃ ሳኒያ አንድ በጋ እዚያ ከርማ ስትመለስ የደረቀ አሣ መስላ ነበር፤ “ልጆቼ፣ ምንም አልጎደለብኝም” እያለች በቆመችበት ግማሽ ዶሮ ጨረሰች። ሹክሪ ይህን ስላየ፣ ጥፋቱን በማሽኑ ላይ እንዲያደርገው አምላኩን ለመነ። ለአንድ ማሽን ሞት የጸለየ የመጀመሪያው የእስክንድርያ ሰው እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ሠሪው ኡስታ ባህጋት ረፋድ ላይ ደረሰ። ሆዱ ቀድሞት ገባ፤ እሱ ተከተለ። ጆሮው ላይ ሲጋራ ሰክቷል።

“እንዴት አደሩ ዶክተር?”

ሹክሪ ዶክተር አይደለም። ማንም ዶክተር ብሎት ግን አርሞት አያውቅም።

“ልብስ እያጨቃችሁ ነው?” አለ ኡስታው።

“ግማሽ ብቻ ነው የምንከተው።”

“በሩ በደንብ ይገጥማል?” በጉልበቱ ገጨው። ይገጥማል። ከዚያ ከበሩ ሥር ያለውን፣ ከልብስ የሚረግፈውን ብናኝ የሚይዘውን ወንፊት ስቦ አወጣ፤ ወደ ብርሃኑ አንስቶም ዓይኑን አጠበበ። “ይህ ምንድን ነው?”

“ምን ሆነ? ቆሽሿል?”

“ኧረ እንዲያውም! ዶክተር፣ ሠላሳ ዓመት ሠርቻለሁ። የሰው ቤት ወንፊት ስከፍት የሞተ ድመት የሚያክል ነው የማወጣው። ይህ ግን የተላሰ ሳህን ነው። ማነው የሚያጸዳው?”

“እኔ ነኝ፣ ልጄ!” አለች ሐጃ ሳኒያ ከወጥ ቤት። መልሱ ትንሽ ፈጠነ።

“እጅዎ ይባረክ ሐጃ!”

“አሜን! ሻይ ላምጣልህ?”

ሻዩን አመጣችና እዚያው ቀረች። ግድግዳ ተደግፋ፣ የሻርፗን ጫፍ እያኘከች፣ የኡስታውን እጅ በዓይኗ ትከተል ጀመር።

ኡስታ ባህጋት ቀጥሎ ጭንቅላቱን ከማሽኑ ውስጥ አስገባ። እዚያ ልብሱ መድረቅ አለመድረቁን የሚዳስሱ ሁለት የብረት ዘንጎች አሉ። በጣቱ ፋቅ አድርጎ ለሹክሪ አሳየው፤ ግራጫ፣ የሚያሙለጨልጭ፣ ቀንድ አውጣ ያለፈበት የሚመስል ነገር።

“የሽቶ ሳሙና ቅባት ነው። ይህ ሲሸፍናቸው ይሳሳታሉ። ይቅመሱት፣ ይጣፍጣል” ብሎ ሳቀ።

ሹክሪ አልሳቀም። ምራቁን መዋጥ ትቶ በአፉ ማጠራቀም ጀምሯል።

ዘንጎቹ በኮምጣጤ ተወለወሉ። እርጥብ ሸሚዞች ገቡ። ማሽኑ ተነሳ፤ ሦስቱም ቆመው ጠበቁት። ሃያ ደቂቃ። ጸጥ።

ኡስታው ከኋላ ቆርቆሮውን ነካና እጁን መለሰ። “እሳት ሆኗል! ዶክተር፣ ገብቶኛል። ይህ ማሽን አልታመመም፤ ታንቋል። አፍንጫና አፍዎን ይዘው ሩጡ ቢባሉ ስንት እርምጃ ይሄዳሉ? ትኩስ አየሩ የሚወጣበት ሲያጣ ይግላል፣ እንዳይቃጠል ብሎ ራሱን ያጠፋል። ቱቦው የት ነው የሚወጣው?”

“በዚያች መስኮት፣ በፎቆቹ መሃል ወዳለው የአየር ጉድጓድ።”

“ያ መስኮት አይከፈትም” አለች ሐጃ ሳኒያ። “ዝጓል።”

“እማዬ፣ ከአሥራ አምስት ቀን በፊት ተከፍቶ ነበር።”

“ከዚያ ወዲህ ነዋ የዛገው! ብርድ ይመታሃል ልጄ፣ ተው!”

ሹክሪ እናቱን አየት አደረጋት። እናቱ ጣሪያውን አየች። ያን ጊዜ መስኮቱን ከፈተው።

የዚያን ጉድጓድ ነገር ባልነግራችሁ በወደድኩ፤ ግን ምያለሁ። ስድስት ፎቅ ሰው ለአርባ ዓመት ዓይን አላየኝም ብሎ የጣለው ሁሉ እዚያ ታች ተኝቷል፦ የሽንኩርት ልጣጭ፣ የሕፃን ሽንት ጨርቅ፣ የአሣ አንጀት፣ ማን እንደጣለው ያልታወቀ ሰው ሠራሽ ጥርስ። በዚያ ላይ የሳምንቱ ዝናብ ገብቶበት ፈልቷል። ሽታው ደረጃ በደረጃ ወጥቶ እንደ ግብር ሰብሳቢ በሩን አንኳኳ።

ከቱቦው ጫፍ ደግሞ ያ ነገር ተንጠልጥሏል።

ግራጫ ነው። ረጅም ነው። እንደ በግ አንጀት ቋጠሮ በቋጠሮ እያበጠ፣ ከአራተኛ ፎቅ ተነስቶ እስከ ሁለተኛ ፎቅ መስኮት ወርዷል። ንፋስ ሲመጣ ይወዛወዛል፤ ጫፉ ከመስታወት ጋር ይላተማል፤ ጧ፣ ጧ።

“ቢስሚላህ!” አለ ኡስታ ባህጋት፤ ሲጋራው ከጆሮው ወደቀ።

ከታች አንዲት መስኮት በጣት ስፋት ተከፈተች። ወይዘሮ ረቲባ ነበረች።

“እንዳትነኩት! እንዳታስቆጡት! ጂኒ ነው! በቀን ሁለቴ እየተነፋ መስኮቴን ያንኳኳል! ሼኽ አስመጥቼ ቁርኣን አስቀርቼበት እንኳ አልሄደም!”

“ሞቅ ያለ ትንፋሽ አለው ወይ?” ብሎ ጮኸ ኡስታው።

“አለው! ሳሙና ሳሙና ይሸታል!”

“እንግዲያስ የዶክተር ጂኒ ነው!”

ሹክሪ የሥራ ጓንቱን አጠለቀ። ሁለቱ ሰዎች መጎተት ጀመሩ። ነገሩ ዝናብ ጠጥቶ እንደ ታረደ ጥጃ ከብዷል፤ እየተጎተተ ሲመጣ ግራጫ ጭቃ በግድግዳው ላይ ያንጠባጥባል። መስኮቱ ጋ ሲደርስ አንዱ ቋጠሮ ፈነዳና ያዘለው ሁሉ በሹክሪ ነጠላ ጫማ ላይ ፈሰሰ፤ በጣቶቹ መሃልም ገባ። ለብ ያለ ነበር። እርጥብ በግ እርጥብ በግ ይላል። ሹክሪ እንደ ሽመላ በአንድ እግሩ ቆመ።

ኡስታው አንዱን ጫፍ ጨምቆ ዘረጋው። ቡናማ፣ ተረከዙ የተጣፈ ጨርቅ ነው።

“ዶክተር” አለ ቀስ ብሎ፤ “ይህ የሴት ስቶኪንግ ነው።”

ሁለቱም ዞረው ሐጃ ሳኒያን አዩ።

“እንዲህ ነው እንዴ የሚጎተተው?” ብላ ጮኸችባቸው። “ቀስ በሉ እንጂ! ጥጡን አበላሻችሁት!”

“ምን ጥጥ?”

“ምን ጥጥ ትለኛለህ? አባትህ መሐላ ከተማ አርባ ዓመት ደጋን ይዞ ጥጥ ሲነድፍ ጀርባው የጎበጠው ለምንድን ነው? የስንት ሙሽራ ፍራሽ ሞላ? ጥጥ አይጣልም! ወንፊቱ ላይ የሚቀረውን ግርዱን እለቅመዋለሁ። ዱቄት ዱቄቱ ግን በዚህ ቱቦ ወደ ውጭ ይበናል። የግብጽ ጥጥ! ለእርግብ! አይቼ ዝም ልበል?”

“ስቶኪንግ አሰርሽበት?”

“በሳምንት በሳምንት እቀይረው ነበር። ኋላ ጉልበቴ ወንበር ላይ አልወጣ አለኝ። ቶሎ እንዳይሞላ ጫፉን ቆርጬ ሌላ ቀጠልኩበት።”

“ስንት ቀጠልሽ?”

“አንድ... ሁለት...” ጣሪያውን አየች። “ሰባት። ዝናቡ ነው እንጂ ያደነደነው፣ እኔ ምን አደረግሁ?”

ሹክሪ አሁንም በአንድ እግሩ ነው። “ይህን... ቆሻሻ... ምን ልታደርጊው ነው ግን?”

እናቱ በፍቅር ዓይን አየችው።

“አንገትህ እንዴት ነው፣ ልጄ?”

ልብ በሉ፤ ሹክሪ ሦስት ዓመት ሙሉ አንገቱን ታሞ፣ ሦስት ሐኪም ቤት ተመላልሶ፣ እንደ ፈረስ በአንገቱ ድጋፍ አስሮ የኖረ ሰው ነው። ኅዳር ላይ እናቱ በእጇ የሰፋችው አንድ ትራስ አምጥታ ከራሱ ሥር አኖረችለት። ከዚያች ሌሊት ጀምሮ እንደ ድንጋይ ነው የሚተኛው። ለመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ “የእናት እጅ መድኃኒት ነው” እያለ ሲያወራ ነው የከረመው።

“አይደለም” አለ ሹክሪ። “እማዬ፣ አይደለም በይኝ።”

“ድኖልህ የለም?”

ኡስታ ባህጋት በመጀመሪያ አንድ ሳቅ አፈነ። ሁለተኛውን ማፈን አልቻለም። ግድግዳ ይዞ እየሳቀ፣ እንባውን እየጠረገ፣ ዕቃውን ሰበሰበ። ቱቦውን አጥቦ፣ ሸሚዞቹን መልሶ ከቶ ማሽኑን አስነሳው፤ ሃያውን ደቂቃ አልፎ ሲሮጥ አይቶም ወደ በሩ ሄደ። እዚያ ሲደርስ ዞር አለ።

“ዶክተር፣ አይቀየሙኝ። ይህን ቤት ማሸግ አለብዎት።”

ሹክሪ መኝታ ቤት ገብቶ ትራሱን በመቀስ ቀደደ። ባይቀደው ጥሩ ነበር። ከውስጡ ግራጫ ነገር አበጠና ወጣ፤ ለስላሳ፣ አይጥ የጎነጎነችው የመሰለ። በሂና የቀላ የኢንሺራህ ፀጉር አለበት። የእሱ ጥቁር ፀጉር አለበት፤ የእናቱ ነጭ ፀጉር አለበት። የአሣ ቅርፊት አለበት። ልብስ አጣቢውን “ሌባ” ያሰኘው የሸሚዝ ቁልፍ አለበት። ከመሃሉ ደግሞ አንዲት የእግር ጥፍር ወጣች። ቢጫ፣ ወፍራም፣ እንደ ጨረቃ የታጠፈች።

“የፋውዚ ናት” አለች እናቱ ከበሩ ላይ። “ጥቅምት ላይ ሦስት ቀን አድሮ ሲሄድ ካልሲውን አጥቤለት ነበር። አባቱን ነው በጥፍር የመሰለው።”

ሁለት ወር ሙሉ። ጉንጩን አስደግፎ። አፉን ከፍቶ። አንዳንድ ሌሊት እንዲያውም ጨርቁን ነክሶ።

ወደ መስኮቱ ሮጠ፤ ያን ጠዋት የበላውን ሁሉ ለጉድጓዱ አስረከበ። ከታች የወይዘሮ ረቲባ ጩኸት ተሰማ።

“አሁን ደግሞ ተፋ! ጂኒው ተፋ!”

ፊቱን አጥቦ፣ አጥቦ፣ እንደገና አጥቦ ሲመለስ እናቱ ክፍሏ ውስጥ ጥቁር የጨርቅ ሻንጣዋን አልጋው ላይ ከፍታ ልብሷን ታጥፋለች። የኢንሺራህን የጠዋት ንግግር ሰምታው ኖሯል። በዚህ ቤት ግድግዳው ስስ ነው፤ የእሷ ጆሮ ደግሞ ከሁሉም ስስ ነው።

“ደመንሁር በዚህ ጊዜ ከእዚህ ይሞቃል” አለች ሳታየው።

ሹክሪ ሊቆጣ ነበር የመጣው። ዓይኑ ግን አልጋዋ ላይ ቀረ። ትራስ የለም። በራስጌው በኩል የሟቹ አባቱ አሮጌ ጀለቢያ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ወንበሩ ላይ ደግሞ ግማሹ የተሞላ፣ ጥግ ጥጉ በቀይ ክር አበባ የተጠለፈበት ትራስ አለ።

“ያ ያንቺ ነው?”

“የሚስትህ ነው። ‘እኔም አንገት አለኝ እኮ’ ስትለኝ ነው የከረመችው። ዛሬ ያፈሰሳችሁት ይሞላው ነበር።”

“ያንቺስ?”

“የእኔ አንገት የት ሊሄድ ነው፣ በዚህ ዕድሜዬ?” ብላ አንዲት ካልሲ አጠፈች።

ሹክሪ ተመልሶ የተቀደደውን ትራስ በጓንት፣ ፊቱን አዙሮ፣ በጥቁር ፌስታል ከተተ። ጥፍሯን እንደ ማስረጃ በመሐረብ ቋጥሮ ኪሱ አኖራት፤ የሥራ ልማድ ነው። ፌስታሉን ይዞ እስከ ደረጃው ወጣ። እዚያ ሲያጎነብስ አንገቱ ቋ! አለ። ሦስት ዓመት የሚያውቀው ድምፅ ነው። ቀና ብሎ ቆመ። ወደ ቆሻሻ መጣያው አየ፤ ወደ ፌስታሉ አየ። ፌስታሉን እንዳንጠለጠለ ወደ ቤት ተመለሰ።

ከዚያ የሆነውን ራሱ ባያየው አያምንም ነበር። ያን ግራጫ ነገር በመቆንጠጫ ለቀመው፤ ፀጉሩንም ቅርፊቱንም አንድ በአንድ እየነቀለ፣ እያቅለሸለሸውና እያስታወከው። በወፍራም ጨርቅ ከረጢት አስሮ፣ አንድ ጠርሙስ ኮምጣጤ ደፍቶ፣ በሚፈላ ውሃ ሁለት ጊዜ አጠበው። ከዚያ ማድረቂያው ውስጥ ከተተና ቁልፉን ተጫነ።

ማሽኑ ተነሳ። ሃያ ደቂቃ አለፈ። ሠላሳ። እናቱ ሻንጣዋን ኮሪደሩ ላይ አኑራ መጥታ አጠገቡ ቆመች። ሁለቱም በክብ መስታወቱ ውስጥ የሚንከባለለውን ከረጢት ያዩ ጀመር። ስልሳ። ሰማንያ። በመጨረሻ ደወሉ ራሱ ጮኸ፤ ቲንግ!

ያን ጊዜ የበሩ ቁልፍ ዞረ። ኢንሺራህ እርጥብ ካፖርቷን ጥላ ወደ ደወሉ መጣች።

“ሠራ? ዓይኔን ልመን? ሠራ!” የማሽኑን በር ከፍታ ከረጢቱን አወጣች። ትኩስ፣ ያበጠ፣ የለሰለሰ ነው። ሹክሪ “ተይ!” ሊል አፉን ከፈተ፤ እሷ ግን ብርድ ያቀላውን ጉንጯን ቀብራበት ዓይኗን ጨፍናለች። “ኡፍፍ፣ እንዴት ይሞቃል! ትራስህን ነው ያጠብከው? ሐጃ፣ የእኔስ መቼ ነው የሚደርሰው?”

ሐጃ ሳኒያ ጣሪያውን አየች።

ኢንሺራህ ጉንጯን ሳታነሳ አንድ ዓይኗን ገለጠች። ጥቁሩን የጨርቅ ሻንጣ ኮሪደሩ ላይ አይታዋለች።

“በል ተቆጣጣሪ፣ ሪፖርትህን አሰማኛ። ጥፋቱ የማን ሆነ?”

ሹክሪ ሃያ ዓመት የጻፋቸውን ወረቀቶች አሰበ። በአንዲት ፀጉር የታሸገውን ጉበት ቤት አሰበ። ደመንሁር ያለውን ማቀዝቀዣና በአንገት የሚንጠለጠለውን ቁልፍ አሰበ። በኪሱ ውስጥ መሐረቡን ዳሰሰው፤ ጥፍሯ እዚያ ናት፤ ወጋችው።

“የእርግብ” አለ። “ቱቦው ውስጥ ጎጆ ሠርታ።”

እግሩንም ወደ ጎን ዘርግቶ ሻንጣውን ቀስ እያለ ወደ እናቱ ክፍል ገፋው፤ በሩንም በተረከዙ ዘጋበት።

ታሪኩ ይኸው ነው። ስለማልኩ ግን አንድ ነገር ልናዘዝ፤ ትራም ከሚድጠኝ ብናገር ይሻላል። ከትራሱ የወጣችው ጥፍር አንዲት ናት ያልኳችሁ ከራሴ ፈጥሬ ነው። ለሆዳችሁ አዝኜ ነው እንጂ፣ አንዲት አልነበረችም።